ቱ ነው ወይስ ጡ? የትራምፔት ድምፅ ቀለም ከየት ይመጣል

አንዲት ሶል እንውሰድ። ከኖታ መጻፊያዎቹ አምስት መስመሮች ሁለተኛው ላይ የምትቀመጠውን፣ አንድም ፒስተን (በጣት የሚጫን ቁልፍ) ሳይጫን የምትወጣውን ኖታ። አንድ ተጫዋች በአንድ ትራምፔት ሁለት ጊዜ ይነፋታል። መጀመሪያ ስትወጣ ስለታምና አንጸባራቂ ናት፤ ከሩቅ የሚጠራ ሰው ትመስላለች። ሁለተኛ ጊዜ ግን ወፍራምና ለስላሳ ሆና፣ ለራሱ የሚያንጎራጉር ሰው ትመስላለች። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው "መሣሪያ ቀየረ እንዴ?" ማለቱ አይቀርም። የተቀየረ መሣሪያ የለም። ማውዝፒሱ (ከንፈር የሚያርፍበት ጫፍ) ያው ነው፣ ኖታዋም ያችው ሶል ናት። የተቀየረው ከማውዝፒሱ ወዲህ ያለው ነው፦ ከንፈር፣ አየርና ምላስ።

ለትራምፔት ተማሪዎች ደጋግሜ ከማስረዳቸው ነገሮች ሁሉ የምወደው ይኸኛው ነው። ብዙ ተማሪ ጣቱን ያፈጥናል፣ ከፍተኛ ኖታ ለመድረስ ይታገላል፣ ምት የሚቆጥርለትን ሜትሮኖም በየሳምንቱ ያፈጥናል። ድምፁ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቀለም ነው። ደስታውንም ሐዘኑንም በዚያው ቀለም ይቀባዋል። ሲናገር እንዲህ አያደርግም። ልጅ ሲያባብልና ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው ሲጠራ አፉ በየጊዜው ሌላ ቅርጽ ይይዛል። ትራምፔትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ቱቦው ብቻውን አያዜምም

ትራምፔት ሲታይ ናሱ ራሱ የሚጮህ ይመስላል። ድምፁን የሚወልዱት ግን ከንፈሮች ናቸው። አየር በተገጠሙ ከንፈሮች መካከል ሲያልፍ ይከፍታቸዋል፤ ወዲያው ተመልሰው ይዘጋሉ፤ እንደገና ይከፍታቸዋል። ያችን ሶል በተለመደው ቢ ፍላት ትራምፔት ስንነፋ ይህ መከፈትና መዘጋት በሴኮንድ 349 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ቱቦው ተዘርግቶ ቢለካ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል። በውስጡ ያለው አየር ከርዝመቱ ጋር የሚስማማውን ንዝረት ያጎለብታል፣ የማይስማማውን ያዳክማል። ፒስተን ስንጫን የምናደርገው ቱቦውን ማስረዘም ብቻ ነው።

ታዲያ ከአንድ ኖታ የምንሰማው አንድ ንዝረት ብቻ አይደለም። ከ349ኙ በላይ እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ፣ አራት እጥፉ እያለ የሚቀጥል የንዝረት መሰላል አብሮ ይወጣል። እነዚህን ሃርሞኒክ እንላቸዋለን። የድምፅ ቀለም የምንለው የእነዚህ ድብልቅ ነው። ላይኞቹ ሲበረቱ ድምፁ ይበራል፣ ይሰላል፤ ታችኞቹ ሲገኑ ይጠቁራል፣ ይወፍራል። ዋሽንትና ትራምፔት አንድ ኖታ ሲጫወቱ የምንለያቸውም በከፊል በዚሁ ነው።

የትራምፔት ልዩ ጠባይ ይህ ድብልቅ ቋሚ አለመሆኑ ነው። በርትተን በነፋን ቁጥር የሚጨምረው ጩኸቱ ብቻ ሳይሆን የላይኞቹ ሃርሞኒኮች ድርሻ ጭምር ነው። ፈረንሳዊው ዣን ክሎድ ሪሴ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የትራምፔት ድምፅን በኮምፒውተር መርምሮ ያሳየው ይህንን ነበር። ቀለሙን ቋሚ አድርጎ የጩኸቱን መጠን ብቻ የሚቀያይር ድምፅ የትራምፔት አይመስልም፤ ቀለሙ ከኃይሉ ጋር አብሮ መብራትና መደብዘዝ አለበት። በጣም ተበርትቶ ሲነፋ ደግሞ በቱቦው ውስጥ የሚሄደው የግፊት ሞገድ ፊቱ እየቆመ፣ እየሾለ ይሄዳል፤ ያ የሚሰነጥቅ የናስ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከዚህ ተነስቼ ለተማሪ የምለው አንድ ነገር አለ። ጥቁር ድምፅ የሚፈልግ ሰው ቀስ ብሎ ስለነፋ ብቻ ጥቁር ድምፅ አገኘ ማለት አይደለም፤ ዝቅ ያለ ድምፅ አገኘ እንጂ። እውነተኛው ሥራ ጮክ ብሎም ወፍራም፣ ዝግ ብሎም ብሩህ መሆን መቻል ነው። ለዚህ ከንፈርና ምላስ ያስፈልጋሉ።

ከንፈር፦ የቱ ይጸናል፣ የቱ ይላላል?

ሙያተኞች አምቡሹር የሚሉት የአፍ አያያዝ ብዙ ጀማሪ "ከንፈርን ማጥበቅ" አድርጎ ይረዳዋል። ከዚህ አረዳድ ጋር ዓመታት የታገሉ ሰዎች አይቻለሁ። ነገሩ የማጥበቅና የማላላት ክፍፍል ነው። በአፍ ዳርና ዳር ያሉት ጡንቻዎች ጸንተው ይቆማሉ፤ ማውዝፒሱ ውስጥ የሚገባው የመሃሉ ሥጋ ግን ለስላሳ ሆኖ መርገብገብ አለበት። ከበሮን አስቡ። ዙሪያው ተወጥሮ ይታሰራል፣ መሃሉ ግን ለመንቀጥቀጥ ነጻ ካልሆነ አይናገርም።

ድሮ "ፈገግ በል" እያሉ የሚያስተምሩ ነበሩ። ፈገግታ ከንፈርን ወደ ጎን ይወጥራል፤ የተወጠረ ከንፈር ደግሞ ይሳሳል። ከፍተኛው ኖታ ለጊዜው ይቀላል፣ ድምፁ ግን እንደ ክር ይቀጥናል፣ ከንፈሩም ቶሎ ይደክማል። ዛሬ አብዛኛው አስተማሪ ተቃራኒውን ይመርጣል፦ ዳርና ዳሩ በትንሹ ወደ መሃል ይሰበሰባል፣ አገጩ ጠፍጠፍ ብሎ ይቆያል። በአማርኛ ለማስረዳት "ም" ማለት ይበቃል። ጨክናችሁ ሳይሆን፣ ሰው ሲያወራችሁ "እም" እንደምትሉት። ከንፈሮቹ የተገናኙበት ያ ቦታና ያ ልስላሴ መነሻ ነው። ከዚያ ሻማ እንደምታጠፉ ንፉ።

አየሩ በመሃል የሚከፍታት ቀዳዳ በጣም ትንሽ ናት፤ የቀለሙ ትልቁ ቁልፍ ግን እሷ ናት። ጠፍጣፋና ጠባብ ስትሆን ድምፁ ይሾላል፤ ከላይ ወደ ታች ትንሽ ስትከፈት ይሰፋል። ይህን ለማድረግ ከንፈርን ማሰብ አያስፈልግም፤ የላይና የታች ጥርስ ርቀት ማሰብ ይበቃል። አገጭን በአንድ ፀጉር ያህል ወደ ታች ልቀቁት፣ ከንፈሩን ትንሽ ወደ ፊት ተዉት፤ ድምፁ ወዲያው ይጠቁራል። መንጋጋውን መልሳችሁ ቀረብ ስታደርጉት ይበራል። እንቅስቃሴው ከውጭ የማይታይ መሆን አለበት። ከውጭ ከታየ በዝቷል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚምታታባቸው ሁለት ነገር አለ፤ ብሩህ ድምፅና ቀጭን ድምፅ። ብሩህ ድምፅ ታችኛው መሠረቱን ሳይለቅ ላይኛው የበራለት ነው። ቀጭን ድምፅ መሠረቱ የተቆረጠ ነው። ቀጭኑ የሚመጣው ተጫዋቹ ከንፈሩን ቆንጥጦ ከኖታው ማዕከል በላይ ሲነፋ ነው። ማዕከል የምለው ከንፈሩ የሚፈልገውና ቱቦው የሚፈልገው ንዝረት የሚገናኙበትን ቦታ ነው። እዚያ ላይ ቱቦው ራሱ ያግዛል፤ ድምፁ ያለ ልፋት ይሞላል።

ማዕከሉን ለማግኘት ያችን ሶል ያዙ። ፒስተን ሳትነኩ፣ በከንፈርና በመንጋጋ ብቻ፣ ግማሽ ድምፅ ወደ ታች ጎትቷት፤ ፋ ዳይዝ እስክትመስል። ቱቦው ይቃወማችኋል፣ ድምፁም ይጨፈግጋል፤ ልክ ነው። አየሩን ሳትቀንሱ ያዙትና ከዚያ በጣም በዝግታ ወደ ላይ ልቀቁት። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ ድምፁ በድንገት ይከፈታል፣ ክፍሉ ውስጥ ይጮሃል፣ ጣቶቻችሁ ላይ የናሱ መንቀጥቀጥ ይሰማችኋል። ቁሙ። ከዚያ ትንሽ ከፍ ካላችሁ እንደገና ይቀጥናል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደርግ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ማዕከል ከለመደው ቦታ ዝቅ ያለ ነው። ስንት ጊዜ ቆንጥጦ ሲነፋ እንደኖረ ጆሮው ያኔ ይነግረዋል። መሣሪያው ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ካለ የሚስተካከለው በመቃኛው ቱቦ ነው፤ ከንፈር በመቆንጠጥ አይደለም።

ስለ ግፊትም አንድ ነገር ልበል። እኔ በጀመርኩበት ጊዜ ከልምምድ ስነሳ ከንፈሬ ላይ ቀይ ቀለበት ይቀር ነበር፤ የትጋት ምልክት አድርጌ ወስጄው ነበር። ማውዝፒሱ ከንፈሩን ጥርስ ላይ ሲጨፈልቀው ደም እንደ ልቡ አይመላለስም፣ ሥጋውም አይርገበገብም። ኖታዎቹ ለጥቂት ደቂቃ ይወጣሉ፤ ቀለማቸው ግን አስቀድሞ ይሞታል። ግራ እጃችሁ መሣሪያውን ምን ያህል ወደ ፊታችሁ እንደሚስብ አንድ ቀን ልብ ብላችሁ ተከታተሉት። አየሩ እንዳያመልጥ የሚበቃው ግፊት ከምታስቡት ያነሰ ነው።

ማውዝፒሱ ስንት እጁ ላይኛው ከንፈር ላይ፣ ስንት እጁ ታችኛው ላይ ይረፍ የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ጥርስና ከንፈር ከሰው ሰው ይለያያል። መሃል አካባቢ ይሁን፣ ጠርዙ ቀዩ የከንፈር ሥጋ ላይ ብቻ አይረፍ፤ ከዚያ በኋላ ጆሮ ይፍረድ። የጃዝ ትራምፔተኛው ዲዚ ጊለስፒ ጉንጮቹን እንደ ፊኛ እየነፋ ድንቅ ሥራ ሠርቷል። ጉንጩን እንዲኮርጅ የሚመከር ተማሪ ግን የለም።

ምላስ፦ ፊደል የቆጠረ ሰው ያለው ብልጫ

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ። ምላስ በትራምፔት ሁለት ሥራ አለው። ጫፉ የኖታውን መነሻ ይወስናል፤ ይህ ተነባቢው ነው። ጀርባው በአፍ ውስጥ ከፍና ዝቅ እያለ የአየሩን መንገድ ይቀርጻል፤ ይህ አናባቢው ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ሁለቱን በአንድ ምልክት አጣምሮ የያዘ ነው። አንድ ፊደል ስንጠራ ምላሳችን የት እንደሚነሳና የት እንደሚያርፍ አብሮ ይነገረናል።

ምላስ ኖታውን "ይመታል" ሲባል መዶሻ የሚያስብ አለ። ምላስ በር ነው። አየሩ ከኋላው ደርሶ ይጠብቃል፤ በሩ ሲከፈት ይወጣል። ድምፅ የሚጀምረው ምላሱ ሲነካ ሳይሆን ሲለቅ ነው። ስለዚህ መነሻው ጠንካራ ይሁን ለስላሳ የሚወስነው ምላሱ በምን ፍጥነት ከቦታው እንደሚላቀቅና ከኋላው ምን ያህል አየር እንደቆመ ነው።

ይቺ መነሻ ከሴኮንድ ጥቂት መቶኛ ብቻ ትፈጃለች። ያም ሆኖ ጆሯችን መሣሪያን የሚለየው በእጅጉ በእሷ ነው። በተቀዳ ድምፅ ላይ የኖታውን መጀመሪያ ቆርጠው ያሰሙ ሙከራዎች ሰዎች የአንዱን መሣሪያ ድምፅ ከሌላው እንዲያምታቱ አድርገዋል።

ለመነሻው ዋናው ቃል ቱ ነው። ጫፉ ከላይኞቹ ጥርሶች በስተኋላ፣ ጥርስና ድድ ከሚገናኙበት አካባቢ ይነካል፤ ንጹሕ መነሻ ይሰጣል። ዱ ስንል ምላሱ ሰፋ ብሎ ይነካል፣ መለያየቱም ለስላሳ ነው፤ ኖታዎች ሳይቆራረጡ እንዲያያዙ የምንፈልግ ጊዜ ይህ ነው። ሉ ከዱም ይለሰልሳል፤ አየሩ በጎን ስለሚያልፍ ፈጽሞ አይቆምም፣ መነሻዋ ድንበር የላትም ማለት ይቻላል። ሁ ደግሞ ያለ ምላስ፣ በትንፋሽ ብቻ ነው። በሁ ስንነፋ ድምፁ ዘግይቶ ከመጣ ከንፈሩ ከመጠን በላይ ጠብቋል ወይም ቀዳዳዋ ከመጠን በላይ ተከፍታለች ማለት ነው፤ ለዚህ እንደ ምርመራ እጠቀምባታለሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን ጡ ነው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ስንል ጉሮሯችን ለቅጽበት ይዘጋል። ለማረጋገጥ ትንፋሻችሁን ያዙና "ጥ፣ ጥ፣ ጥ" በሉ። ይወጣል። አሁንም ትንፋሽ ይዛችሁ "ት" ለማለት ሞክሩ፤ ወደ ጥ ይቀየርባችኋል። ት ከሳንባ የሚመጣ አየር ትፈልጋለች፤ ጥ ግን በአፍ ውስጥ በታፈነችው ጥቂት አየር ትፈነዳለች።

አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ እያንዳንዱ ኖታው እንደ ጠጠር ይወረወር ነበር። መነሻው ይሰነጠቃል፣ ወዲያው ድምፁ ይጠፋል። ስለ ከንፈሩ ብዙ ተነጋገርን፤ አልተሻሻለም። አንድ ቀን ትራምፔቱን አስቀምጦ ኖታዎቹን በአፉ እንዲላቸው ጠየቅሁት። "ጡ፣ ጡ፣ ጡ" አለኝ። ትንፋሹን ይስባል፣ ጉሮሮውን ይቆልፋል፣ ከዚያ ምላሱን ያፈነዳል። መዳፉን አፉ ፊት አስይዤ "ቱ" አስባልኩት፤ ረዥም ሞቅ ያለ አየር መዳፉን ነካው። "ጡ" ሲል ግን አጭር ብጥስ ያለች ብቻ። ልዩነቱን በእጁ ከዳሰሰ በኋላ ወደ ትራምፔቱ ተመለሰ፤ በዚያው ሰዓት የመጀመሪያዋ ሶል ያለ ስንጥቅ ወጣች። ትንፋሽ ስቦ ጉሮሮ መቆለፍ በናስ መሣሪያ ተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ ችግር ነው፤ በሐኪሙ በቫልሳልቫ ስም ይጠሩታል። መድኃኒቱ በመሳብና በመንፋት መካከል መቆም አለመኖሩ ነው፦ አየሩ ገብቶ ሳይቆም ይዞራል፣ ዞሮ ሲመጣ ምላሱ በሩን ይከፍታል።

ወደ አናባቢው እንሂድ። ታ ስንል ምላስ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ አፍ ውስጡ ይሰፋል። ቲ ስንል ጀርባው ወደ ትናጋ ከፍ ይላል፣ መንገዱ ይጠባል። ታ እና ቶ ለዝቅተኛ ኖታና ለሰፊ ድምፅ፣ ቲ ለከፍተኛ ኖታና ለብርሃን ይሆናሉ፤ ቱ መካከል ላይ ይቆማል። አንዱን ኖታ ይዛችሁ ሳትቋረጡ ከታ ወደ ቲ ብትሄዱ ቀለሙ ቀስ እያለ ሲበራ ትሰማላችሁ፤ ድምፁም በጥቂቱ ከፍ ሊል ይሻል፣ በጆሮ መያዝ አለበት። ለውጡ መጠነኛ ነው። በምላስ ብቻ ጥቁርን ነጭ ማድረግ አይቻልም፤ ከመንጋጋውና ከአየሩ ጋር ሲተባበር ግን ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል።

በዚህ ላይ መጽሐፍ የሚያሳስተን ቦታ አለ። የትራምፔት የቅርብ ዘመድ የሆነው የኮርኔት ተጫዋች፣ ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት አርባን በ1864 ያሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ በየትራምፔተኛው እጅ አለ፤ የምላሱም መሠረት ቱ ነው። ነገር ግን የፈረንሳይኛው ቱ የእኛ ቱ አይደለም። ፈረንሳዮች ያንን አናባቢ ሲጠሩ ምላሳቸው ቲ ቦታ ላይ ነው፣ ከንፈራቸው ብቻ ቱ ይላል። የአርባንን ቃል በአማርኛ ቱ የሚያነብ ተማሪ ምላሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ድምፁም ከታሰበው ይጠቁራል። ብርሃን የጎደለው ተማሪ ሲገጥመኝ ከንፈሩን እንደ ቱ አሹሎ በውስጡ ቲ እንዲል አደርገዋለሁ። ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ በሁለት ደቂቃ ይለመዳል።

የምንናገረው ቋንቋ አነፋፋችን ውስጥ እንደሚገባ ደግሞ በምርመራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት የቶንጋ ቋንቋ ተናጋሪና የኒው ዚላንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ትሮምቦን ተጫዋቾች ምላስ በአልትራሳውንድ ተቀርጾ ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች ሲነፉ የምላሳቸው አቀማመጥ ተለያይቶ ተገኝቷል፣ ልዩነቱም ከየቋንቋቸው አናባቢዎች ጋር ይያያዛል። አፋችን ያደገበትን ነገር ይዞ ወደ ማውዝፒሱ ይመጣል።

የምላስ ቦታ አንድ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ኸርበርት ክላርክን አስታውሱት። በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የኮርኔት ተጫዋቾች አንዱ የነበረው ይህ ሰው የምላሱን ጫፍ ታችኞቹ ጥርሶች ላይ አሳርፎ፣ በምላሱ መሃል ትናጋውን እየነካ ነበር የሚጫወተው። እኔ ጀማሪን በዚህ አላስጀምርም። ረዥም ምላስ ያለው፣ ወይም ጫፉን ሲያነሳ ድምፁ የሚረበሽበት ሰው ግን ቢሞክረው አይጎዳም።

ኖታ እንዴት ይለቃል?

ሁሉም ስለ መነሻ ያወራል፤ መጨረሻውን የሚያስብ ጥቂት ነው። ኖታ በሁለት መንገድ ያልቃል። አየሩ ይቆማል፣ ወይም ምላሱ ተመልሶ በሩን ይዘጋል። "ቱ" ብላችሁ ስትተዉት ድምፁ እንደ ደወል ይከስማል፤ በክላሲካል ሙዚቃ የሚለመደው ይህ ነው። "ዳት" ብላችሁ ስትዘጉት በቢላ ይቆረጣል፤ የጃዝ ባንዶች ያ ብርቱ አጭር ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዱን ዜማ ኖታውን ሳትለውጡ፣ መጨረሻዎቹን ብቻ እየለዋወጣችሁ ብትነፉት ሌላ ሰው የተጫወተው ያህል ይለወጣል። ሙዚቃውን ከሌላ ሙዚቃ የሚለየው ዘዬ አብዛኛው እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ፍጥነት ሲመጣ አንድ ምላስ አይበቃም። ጫፉ ቱ ሲል ጀርባው ኩ ይላል፤ ቱኩ ቱኩ። ለሦስት ኖታዎች ቱቱኩ፣ ወይም ቱኩቱ። ኩ ሁልጊዜ ደካማ ናት፤ ስለዚህ ብቻዋን መለማመድ አለባት፣ "ኩ ኩ ኩ" በዝግታ፣ ድምፁ ከቱ ጋር እኩል እስኪሞላ። ኩ ወደ ፊት በተጠጋች ቁጥር ትጠራለች። እዚህም ያው ወጥመድ አለ፦ ኩ ወደ ቁ ከተንሸራተተች ጉሮሮው ይቆለፋል፣ አየሩ ይቆረጣል፣ ቱኩው ይንገጫገጫል። ለስላሳ ሲፈለግ ዱጉ ይባላል። እንደዚህ ያሉ ቃላትን ማጥናት አዲስ ፈሊጥ አይደለም፤ ጣሊያናዊው ጂሮላሞ ፋንቲኒ በ1638 ባሳተመው የትራምፔት ማስተማሪያ ውስጥ ኖታዎቹ ሥር የምላስ ቃላት ይጽፍ ነበር። በእኛ ዘመን አቅራቢያ ደግሞ የጃዝ ትራምፔተኛው ክላርክ ቴሪ ዱድል የሚባለውን ስልት አስለምዷል፤ ሁለተኛዋ ኖታ በ"ል" ድምፅ ስለምትወጣ ፈጣኑ ሐረግ ሳይቆራረጥ ይፈስሳል፣ ለስላሳም ሆኖ እያንዳንዷ ኖታ ትሰማለች።

ርርር ብሎ ምላስን እያንቀጠቀጡ መንፋት ድምፁን ያሻክረዋል። በጉሮሮ እያጉረመረሙ መንፋት ሌላ ዓይነት ሻካራነት ይሰጣል፤ በ1920ዎቹ በዱክ ኤሊንግተን የጃዝ ባንድ ውስጥ ትራምፔተኛው ባበር ማይሊ ይህን ጉርምርምታ ከጎማ መክደኛ ጋር አጣምሮ ትራምፔቱን እንደ ሰው አናግሮታል። ፒስተንን በግማሽ መጫን የታፈነ፣ የሚንሸራተት ድምፅ ያወጣል። ስለ ድምፅ ማርገብገብ (ቫይብራቶ) ሁለት ሰው ማዳመጥ ይበቃል፦ ሉዊስ አርምስትሮንግ ረዥሟን ኖታ ቀጥ አድርጎ ይጀምርና ወደ መጨረሻዋ ያረገበግባታል፤ ማይልስ ዴቪስ ድምፁን ሳያረገበግብ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ በትራምፔቱ አፍ ላይ ከሚሰካው ማፈኛ፣ ከሃርመን ሚውቱ፣ መሃል ያለችውን ቱቦ አውጥቶ ወደ ማይክሮፎኑ ሲጠጋም ቀለሙ ወደ ሹክሹክታ ይቀርባል።

ዕቃ መቀየርስ? ጥልቅ ማውዝፒስ ድምፁን ያጠቁራል፣ ጎድጓዳነቱ ያነሰው ያበራል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አዲስ ማውዝፒስ የገዛ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ቀድሞ ድምፁ ሲመለስ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ አፉ የለመደውን ይፈልጋል። ፍለጋው ከአፍ ይጀምር።

ለልምምድ አጭር ዜማ ምረጡ፤ ስምንት ወይም አስር ኖታ፣ ያለ ሐሳብ የምትነፉት። አንድ ጊዜ በቱ፣ አንድ ጊዜ በዱ፣ አንድ ጊዜ ያለ ምላስ በሁ። ከዚያ መንጋጋውን ለቅቃችሁ፣ ከዚያ አቅርባችሁ። ከዚያ ጮክ ብላችሁ ግን በጥቁሩ ድምፅ፤ ይህ ከሁሉ ይከብዳል፣ ጊዜ ስጡት። ስልካችሁን አስቀምጡና ቅዱት፤ ከራሳችሁ ጎን ሳይሆን ከመሣሪያው አፍ ፊት ለፊት፣ ሦስት አራት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ። ምክንያት አለው። በትራምፔት ላይ በሴኮንድ እስከ 1500 ያህል ያሉት ንዝረቶች ከሰፊው አፍ ላይ በብዛት ተመልሰው ወደ ቱቦው ይገባሉ፤ ከዚያ በላይ ያሉት እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብለው ወደ ፊት ይሄዳሉ። ከመሣሪያው ኋላ የቆመው ተጫዋች ያንን ብርሃን በሙሉ አይሰማም። ለእሱ ለስላሳ የመሰለው ድምፅ ፊት ለፊት ለተቀመጠው ሰው ስለታም ሊሆን ይችላል።

የነፋችሁትን ያህል እረፉ። ከንፈር ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው ከፍተኛው ኖታ ይመስለናል፤ ከእሱ በፊት ግን ዝግ ያለችው ዱ ትጠፋለች። ከድምፁ በፊት ባዶ ትንፋሽ፣ "ፍፍ" የምትል፣ ትሰማለች፤ ድምፁ የሚመጣው ከእሷ በኋላ ነው። ሁለቴ ሦስቴ ከደጋገመች ከንፈሩ አብጧል ማለት ነው። በዝቅተኛ ኖታዎች ላይ በጣም ቀስ ብላችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ንፉና ትራምፔቱን ወደ ሳጥኑ መልሱት።